ለኩሬዎቻችን የሚሆን ደረጃ፦ አንባቢያን ስለ ዘላቂ የዓሣ እርባታ ማረጋገጫ ይጠይቃሉ

ከሐዋሳና ከዙሪያዋ በቅርቡ የደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የሚጠይቁት ስለ አንድ ጉዳይ ነው። ገዢዎች ዓሣው አካባቢን ሳይጎዳ ስለ መመረቱ ማስረጃ መጠየቅ ጀምረዋል፤ አርቢዎች ደግሞ ማስረጃው በምን ልክ እንደሚለካ ማወቅ ይፈልጋሉ። ይህን እትም ለእነሱ ሰጥተናል። ደብዳቤዎቹን አሳጥረናቸዋል፤ የጸሐፊዎቹንም ስም ትተናል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። በጥቁር ውሃ አካባቢ ቆሮሶ የምናረባ የወጣቶች ማኅበር ነን፤ 12 ኩሬ አለን። ዓሣ የሚረከበን ሆቴል “አካባቢ ሳይጎዳ የተመረተ ለመሆኑ የምስክር ወረቀት አምጡ” አለን። ከሌሎች ማኅበራት ጋር ተመካክረን የራሳችንን ደረጃ ልናረቅ ነው። የውጭውን ተርጉመን ብንጠቀምበትስ? ከየት እንጀምር?

መልስ፦ የውጭውን ለመማር አንብቡት፤ ቁጥሮቹን ግን እንዳሉ አትገልብጡ። ለምን እንደሆነ በቀጣዩ መልስ በስሌት እናሳያለን።

ልታነቧቸው የሚገቡ ሁለት ሰነዶች አሉ። አንዱ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ) እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣው የዓሣ እርባታ ማረጋገጫ ቴክኒካዊ መመሪያ ነው። በአራት ዘርፎች ዝቅተኛ መስፈርት ያስቀምጣል፦ በዓሣው ጤናና ደኅንነት፣ በምግብ ደኅንነት፣ በአካባቢ ጥበቃ፣ በሠራተኛውና በአካባቢው ሕዝብ ጥቅም። ሁለተኛው የቲላፒያ፣ ማለትም የእኛው የቆሮሶ ደረጃ ነው። አርቢዎች፣ ገዢዎች፣ ተመራማሪዎችና የአካባቢ ተሟጋቾች አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2009 ተከራክረውበታል፤ ከዚያም በ2010 ለተቋቋመው አኳካልቸር ስቲዋርድሺፕ ካውንስል፣ በምኅጻሩ ለኤኤስሲ፣ ተላልፏል። ለአንድ ዝርያ ብቻ አራት ዓመት ፈጅቷል፤ ስለዚህ በአንድ ወርክሾፕ ደረጃ አጽድቀን እንወጣለን ብላችሁ አትነሡ።

ሥራው የሚጀምረው በአንድ ገጽ ወሰን ነው። የትኛው ዝርያ? ቆሮሶ ብቻ ወይስ አምባዛም ጭምር? ኩሬ ብቻ ወይስ በሐይቅ ላይ የሚዘረጋ መረብም? ጫጩት ማፍያውና መኖ ማቀነባበሪያው ይካተታሉ? የእኛ ምክር ለመጀመሪያው እትም ቆሮሶና ኩሬ ብቻ ይበቃል የሚል ነው። አምባዛ ከአየር ስለሚተነፍስ የኦክስጅን ልኩ ፈጽሞ ሌላ ነው፤ ሁለቱን ባንድ ሰንጠረዥ ለመጻፍ የሞከረ ሁሉ ወይ ቆሮሶውን ይበድላል፣ ወይ ለአምባዛው ትርጉም የሌለው ልክ ያስቀምጣል።

ቀጥሎ ማን ይቀመጥ የሚለው ይመጣል። አርቢዎች ብቻችሁን ከጻፋችሁት ገዢ አያምነውም። ከእናንተ በታች ባለው ውሃ አትክልት የሚያጠጡ ገበሬዎች፣ በአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ የሚያራግፉ የሐይቁ አጥማጆች፣ ገዢ ሆቴሎች፣ ከሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የውሃ ሥነ ሕይወት ባለሙያ፣ ከግብርናና ከአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቶች አንዳንድ ሰው ይግቡበት። አንድ ደንብ ከመጀመሪያው ቀን በቃለ ጉባኤ ይስፈር፦ የትኛውም ወገን ብቻውን አንድን ነጥብ ሊያሳልፍ አይችልም። ይህ ከሌለ የተሰብሳቢው ቁጥር ብዙ የሆነው ወገን የራሱን ልክ ይጽፋል።

ጽሑፉ ራሱ ከመርህ ወደ መስፈርት፣ ከመስፈርት ወደ አመላካች፣ ከአመላካች ወደ ልክ ይወርዳል፤ ከልኩ ጎን ማስረጃው ይጻፋል። ብዙ ረቂቅ የሚሞተው መርህ ላይ ቆሞ ነው። “አርቢው ሐይቁን አይበክልም” የሚለው መልካም መርህ ነው፤ ኦዲተር ግን ይህን ይዞ ኩሬ ዳር ሲደርስ የሚያየው ነገር የለም። ወደታች ሲወርድ እንዲህ ይሆናል። መስፈርት፦ ኩሬ ሲለቀቅ ደለል ያለበት ውሃ በቀጥታ ወደ ወንዝ አይገባም። አመላካች፦ የመጨረሻው አንድ አምስተኛ ውሃ በማዝቀጫ ጉድጓድ ማለፉ ወይም ማሳ ላይ መፍሰሱ። ልክ፦ በእያንዳንዱ ምርት፣ ያለ ልዩነት። ማስረጃ፦ ጉድጓዱ፣ ቦዩ፣ የተለቀቀበት ቀን የሰፈረበት መዝገብ። የመጨረሻው አንድ አምስተኛ ያልንበት ምክንያት አለ፤ መጀመሪያ የሚወጣው ውሃ በአንጻሩ ንጹሕ ነው፤ የዓሣው ኩስ፣ የተረፈው መኖና ደለሉ ተጠራርጎ የሚወጣው ዓሣው ሲታፈስና ጭቃው ሲረበሽ ነው። 200 ካሬ ሜትር ስፋትና 1 ሜትር ጥልቀት ካለው ኩሬ ይህ 40 ሜትር ኩብ ነው። 1,000 ካሬ ሜትር ጎመን ላይ ቢለቀቅ 4 ሴንቲ ሜትር ያጠጣል፤ ለተክሉም ማዳበሪያ ነው።

ረቂቁ ሲያልቅ ለሕዝብ አስተያየት ቢያንስ 60 ቀን ክፍት ይሁን፤ ይህ የዓለም ንግድ ድርጅት ለደረጃ አውጪዎች ያስቀመጠው ዝቅተኛ ጊዜ ነው። የመጣውን አስተያየት ሁሉ፣ ያልተቀበላችሁትንም ከነምክንያቱ፣ ጽፋችሁ መልሱ። ከዚያ ሳታጸድቁ በፊት በ4 ወይም 5 ኩሬ ላይ አንድ ሙሉ የምርት ዙር፣ ከጫጩት እስከ ገበያ፣ ሞክሩት። ማንም አርቢ ያላሟላው ልክ ካለ ልኩን መርምሩ፤ ሁሉም ከመጀመሪያው ቀን ያሟላው ልክ ካለም እንዲሁ፣ ምንም አይለካም ማለት ነውና።

አንድ ነገር ግን ከወዲሁ ይለይ። ደረጃ የሚያወጣ፣ ደረጃው መሟላቱን የሚመሰክርና መስካሪውን የሚመዝን ሦስት የተለያዩ አካላት መሆን አለባቸው። በአገራችን ደረጃ ማውጣት የኢትዮጵያ ደረጃዎች ኢንስቲትዩት ሥራ ሲሆን በቴክኒክ ኮሚቴ ይሠራዋል፤ ምዘናና የምስክር ወረቀት የኢትዮጵያ የተስማሚነት ምዘና ድርጅት ይሰጣል፤ የመዛኞችን ብቃት የኢትዮጵያ አክሬዲቴሽን አገልግሎት ያረጋግጣል። የማኅበራችሁ ሰነድ በሙከራ ከዳበረ በኋላ ለኢንስቲትዩቱ በሐሳብ መልክ ሊቀርብ ይችላል። እስከዚያ ድረስ በማኅበራቱ መካከል የጋራ ስምምነት ነው፤ ለሆቴሉም እንዲሁ ብላችሁ ንገሩት።

ጥያቄ፦ በወረዳ የእንስሳትና ዓሣ ሀብት ባለሙያ ነኝ። በምናዘጋጀው ረቂቅ ውስጥ የውሃ ጥራት ልኮችን ከውጭ ሰነድ ወስደን አስገብተናል፦ የሟሟ ኦክስጅን በማንኛውም ሰዓት ከ5 ሚሊ ግራም በሊትር ያላነሰ፣ ጠቅላላ አሞኒያ ከ1 ሚሊ ግራም ያልበለጠ። ፎስፈረስ ላቦራቶሪ ይጠይቃል ብለን ትተነዋል። ትክክል ነን?

መልስ፦ በሦስቱም ላይ እንድትመለሱበት እንመክራለን።

በኦክስጅን እንጀምር። ውሃ መያዝ የሚችለው ኦክስጅን በሙቀትና በአየር ግፊት ይወሰናል። በባሕር ጠለል ላይ 25 ዲግሪ የሞቀ ንጹሕ ውሃ ሲጠግብ 8.3 ሚሊ ግራም ገደማ ይይዛል። ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየር ግፊቱ ቀለል ይላል፤ ያው ውሃ እዚህ ሲጠግብ የሚይዘው 6.7 ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ “5 ሚሊ ግራም” የሚለው ልክ በባሕር ዳርቻ ላለ አርቢ የጥጋቡ 60 በመቶ ሲሆን ለሐዋሳ አርቢ 75 በመቶ ይሆንበታል። ሌሊቱን ሙሉ ዋቅላሚው (ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርገው ደቃቅ ተክል)፣ ዓሣውና ጭቃው ኦክስጅን ሲስቡ ያደሩበት አረንጓዴ ኩሬ ያለ አየር መንፊያ ሞተር ንጋት ላይ 75 በመቶ ሊያሳይ አይችልም። ልካችሁ ጥሩ አርቢዎችን ሁሉ ያስወጣል፤ ወይም መለኪያውን ከሰዓት በኋላ ይዘው እንዲመጡ ያስተምራቸዋል፤ በዚያ ሰዓት ማንኛውም አረንጓዴ ኩሬ ከልክ በላይ ኦክስጅን አለውና።

ስለዚህ ሰዓቱን ጻፉ። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል እስከ 12 ሰዓት ተኩል፣ ፀሐይ ሳትመታው፣ በኩሬው ጥልቅ ጫፍ፣ ከውሃው ወለል 30 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ይለካ። ለቆሮሶ በዚህ ሰዓት 3 ሚሊ ግራም በቂ ዝቅተኛ ልክ ነው ብለን እናምናለን። ከዚያ ያው ቦታ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ይደገም። የንጋቱና የከሰዓቱ ልዩነት በሰፋ ቁጥር ውሃው ከሚገባው በላይ ማዳበሪያ ጠጥቷል ማለት ነው። የኤኤስሲ የቲላፒያ ደረጃም እርባታው የሚለቅበትን ውሃ ጤንነት ከሚያይባቸው መንገዶች አንዱ ይኸው የቀንና የሌሊት ልዩነት ነው፤ እሱም የሚሰላው ከጥጋቡ አንጻር በመቶኛ ነው። በመቶኛ መጻፍ የከፍታውን ችግር በራሱ ይፈታል። መለኪያው ግን በየጠዋቱ በአካባቢው የአየር ግፊት መስተካከል አለበት፤ ከፋብሪካ እንደመጣ በባሕር ጠለል ልክ ላይ የተተወ መሣሪያ የተሳሳተ መቶኛ ይሰጣል።

አሞኒያ ላይ ያለው ስሕተት ሌላ ነው። ዓሣን የሚገድለው ከጠቅላላው አሞኒያ ውስጥ በጋዝ መልክ ያለው ክፍል ሲሆን መጠኑን የሚወስነው በዋነኝነት ፒኤች፣ ማለትም የውሃው የአሲድነት ወይም የአልካላይነት ልክ ነው። ውሃው 25 ዲግሪ ሆኖ ፒኤቹ 8 ከሆነ 5 በመቶ ገደማው ጋዝ ነው፤ ፒኤቹ 9 ከደረሰ 36 በመቶ ገደማ ይሆናል። እናንተ የፈቀዳችሁት 1 ሚሊ ግራም በመጀመሪያው ኩሬ 0.05 መርዛማ አሞኒያ ነው፤ ዓሣው ይችለዋል። በሁለተኛው 0.36 ነው፤ እድገቱን ይገታል፣ ሲቆይም ጉዳት ያስከትላል። የስምጥ ሸለቆ ውሃ ደግሞ በተፈጥሮው ወደ ላይኛው ፒኤች ያዘነብላል፤ አረንጓዴ ኩሬ ከሰዓት በኋላ ይበልጥ ይወጣል። ስለዚህ ልኩ በጋዙ አሞኒያ ይጻፍ፤ ፒኤችና ሙቀት ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ከአሞኒያው ጋር አብረው ይለኩ፤ ማባዣው ሰንጠረዥ በአባሪ ይውጣ። የወረዳ ባለሙያ በሞባይሉ ማስያ ሊሠራው የሚችል ነው።

ፎስፈረስን የተዋችሁት ግን ከሁሉም የከፋው ነው፤ ምክንያቱም ለሐዋሳ ዋናው እሱ ነው። ሐይቁ የጥቁር ውሃን ወንዝ ይቀበላል እንጂ በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የለውም። የገባ ፎስፈረስ ታጥቦ አይሄድም፤ ይዘቅጣል፣ ይመለሳል፣ ዋቅላሚ ያፈላል። ደግነቱ ለዚህ ላቦራቶሪ ሁልጊዜ አያስፈልግም፤ ከመኖ መዝገብ ይሰላል። በ1 ኪሎ መኖ ውስጥ 10 ግራም ፎስፈረስ አለ እንበል። 1 ኪሎ ዓሣ ለማሳደግ 1.6 ኪሎ መኖ ከፈጀ፣ ለ1 ቶን ዓሣ 16 ኪሎ ፎስፈረስ ወደ ኩሬው ገባ ማለት ነው። ዓሣው ከክብደቱ 0.8 በመቶ ገደማው ፎስፈረስ ስለሆነ 8 ኪሎውን ይዞ ይወጣል። የቀረው 8 ኪሎ ውሃውና ጭቃው ውስጥ ነው። ያው አርቢ 2.2 ኪሎ መኖ ቢፈጅ 22 ገብቶ 14 ይቀራል። ፎስፈረሱን ወደ ግማሽ ሊያወርድ የቀረበው የውሃ ማጣሪያ ሳይሆን የመኖ አያያዝ ነው።

ስለዚህ የደረጃው ልክ “በ1 ቶን ዓሣ ወደ አካባቢ የተለቀቀ ፎስፈረስ በኪሎ” ቢሆን ትንሹም አርቢ በመዝገቡ ሊያሳየው ይችላል። የመኖው የፎስፈረስ ይዘት ብቻ በዓመት አንድ ጊዜ ይመርመር፤ ናሙናውን ማኅበራቱ በጋራ ይላኩ። ፉርሽካና ፋጉሎ ላይ በተለይ ጥንቃቄ ያሻል፤ አብዛኛው ፎስፈረሳቸው ፊታይት በሚባል መልክ የታሰረ ስለሆነ የቆሮሶ ሆድ አይፈጨውም፣ በኩሱ መልሶ ይጥለዋል። ይህ ማለት ፉርሽካ ይከልከል ማለት አይደለም። ልኩ ሲወጣ ይህ ይታወቅ፤ ያለበለዚያ በፋብሪካ መኖ ላይ የተሰላ ልክ ድሃውን አርቢ ብቻ ይቀጣል።

ጥያቄ፦ ከሁዌላ ቱላ ነው የምጽፈው። በጓሮዬ 200 ካሬ ሜትር ኩሬ አለኝ፤ የምመግበው ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ ነው። መዝገብ ያዢ ይሉኛል። ምኑን ነው የምጽፈው? መሣሪያም የለኝ።

መልስ፦ እህታችን፣ የሚያስፈልግዎት ባለ መስመር ደብተር፣ የወጥ ቤት ሚዛን፣ ባልዲና ከዚህ በታች የምንነግርዎት ክብ ሰሌዳ ነው።

ደብተሩ በየቀኑ አንድ መስመር ይይዛል፦ ቀን፣ ጠዋት የተሰጠ መኖ በግራም፣ ከሰዓት የተሰጠ መኖ፣ የሞተ ዓሣ ቁጥር፣ የተጨመረ ውሃ፣ ሌላ የታየ ነገር። “ሁለት ጣሳ” ብለው አይጻፉ፤ የጣሳውን ሙሊት አንድ ጊዜ ይመዝኑና በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ያስፍሩ። ፉርሽካ ሲታጨቅና ሲላላ ክብደቱ ስለሚለያይ መኖ በቀየሩ ቁጥር ጣሳውን እንደገና ይመዝኑት።

በየ15 ቀኑ ከቁርስ መኖ በፊት 30 ዓሣ በመረብ ያውጡ። ባልዲው ከነውሃው ይመዘን፤ ዓሣው ይግባና እንደገና ይመዘን። ልዩነቱ 1.5 ኪሎ ከሆነ አንዱ ዓሣ በአማካይ 50 ግራም ነው። 400 ዓሣ ካለዎት በኩሬው ውስጥ 20 ኪሎ አለ፤ በዚህ ዕድሜ ከክብደቱ 3 በመቶ ማለትም በቀን 600 ግራም ይመግባሉ። ዓሣው 200 ግራም ሲያልፍ ወደ 2 በመቶ ይወርዳል። ትልልቆቹን መርጦ መመዘን የተለመደ ስሕተት ነው፤ አማካዩ ያለ ልክ ያድግና መኖው ይትረፈረፋል። ከዓሣው የተረፈ መኖ ሌሊት ኦክስጅን ይበላል።

ሲሸጡ ስሌቱ እንዲህ ነው። 400 ጫጩት በ10 ግራም አስገብተው ነበር፤ 4 ኪሎ። ያወጡት 340 ዓሣ በ250 ግራም፤ 85 ኪሎ። ጭማሪው 81 ኪሎ። ደብተሩ ላይ የተደመረው መኖ 178 ኪሎ ከሆነ፣ ለ81 ሲካፈል 2.2 ይመጣል፤ 1 ኪሎ ዓሣ ለማሳደግ 2.2 ኪሎ መኖ ፈጀ ማለት ነው። ኦዲተር ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቅዎት ይህን ቁጥር ነው። የሚቀጥለው ዙር ላይ ወደ 2 ከወረደ መሻሻልዎን ያለ አንዳች ላቦራቶሪ አሳዩ።

ክብ ሰሌዳው የውሃውን ጥራት ማያ ነው። የ20 ሴንቲ ሜትር ክዳን ይፈልጉ፤ እንደ ዳቦ በአራት ይከፍሉትና ተቃራኒዎቹን ሁለት ክፍል ጥቁር፣ ሁለቱን ነጭ ይቀቡ። መካከሉን በስተው ገመድ ያስሩበት፤ ከሥሩ ድንጋይ ያንጠልጥሉ፤ ገመዱን በየ5 ሴንቲ ሜትሩ በቀለም ምልክት ያድርጉበት። ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ፀሐይን ከኋላዎ አድርገው ቀስ ብለው ያውርዱት። ከዓይንዎ የጠፋበትን ያንብቡ፤ ወደ ላይ ሲስቡት ብቅ ያለበትን ያንብቡ፤ መካከሉን ይጻፉ። ከ25 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ደኅና ነው። ከ20 በታች ከሆነና ውሃው አረንጓዴ ከሆነ መኖና ማዳበሪያ ያቁሙ፣ ንጹሕ ውሃ ይጨምሩ፤ በማግስቱ ንጋት ዓሣው አፉን ከውሃ በላይ አውጥቶ አየር ሲቃርም ያዩ እንደሆነ ኦክስጅን አልቋል ማለት ነው። ውሃው ቡናማ ከሆነ ግን ያነበቡት ጭቃን ነው፤ “ቡናማ” ብለው ከቁጥሩ ጎን ይጻፉ፤ አለበለዚያ ኦዲተሩ በተሳሳተ መንገድ ይረዳዋል።

ጥያቄ፦ በሆርሞን ወንድ የተደረገ ጫጩት የገዛ አርቢ የምስክር ወረቀት ያገኛል? ከውጭ የመጣ ፈጣን ዝርያስ?

መልስ፦ የመጀመሪያው ይቻላል፣ በቅድመ ሁኔታ። ሴትና ወንድ ቆሮሶ ባንድ ኩሬ ሲቀመጡ ሳያድጉ ስለሚዋለዱ ኩሬው በጥቃቅን ይሞላል። ለዚህ ጫጩት ማፍያዎች ገና መብላት ለጀመሩ ጫጩቶች ለ21–28 ቀን በኪሎ መኖ 60 ሚሊ ግራም ሜቲል ቴስቶስቴሮን ይሰጣሉ። በዚያን ጊዜ ጫጩቱ 1 ግራም እንኳ አይሞላም፤ ወደ ገበያ የሚወጣው ከብዙ ወራት በኋላ ነው። ጥንቃቄው ለሠራተኛውና ለውሃው ነው፦ ጓንትና የአፍ መሸፈኛ፣ መድኃኒቱ የሚቆለፍበት ሳጥን፣ የወጪ መዝገብ፣ የዚያ ገንዳ ውሃ ወደ ወንዝ ሳይሆን ወደ ማቆያ ኩሬ። በማሳደጊያ ኩሬ ውስጥ ሆርሞን መስጠት ግን ፈጽሞ ይከልከል። ያለ ሆርሞን መሥራት የሚፈልግ 20–30 ግራም ሲደርሱ በእጅ ይለያቸዋል፤ ይቻላል፣ ግን ልምድ ይጠይቃል፣ ሴቶቹም ይባክናሉ።

ስለ ዝርያው፣ ቆሮሶ የሐይቁ ተወላጅ ስለሆነ “መጤ ዝርያ የለም” የሚለው አመላካች በቀላሉ ይሟላል፤ አደጋው ግን እዚያው ተደብቋል። ጊፍት የሚባለው ፈጣን ዘር እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ ፊሊፒንስ ውስጥ ከተለያዩ አገሮች ቆሮሶዎች ተዳቅሎ የወጣ ነው። ስሙ አንድ ቢሆንም ደሙ የሐዋሳ አይደለም፤ ቢያመልጥ ከተወላጁ ጋር ይዳቀላል። ደረጃው ስለ ዝርያ ብቻ ሳይሆን ስለ ዘር ምንጭም ይጠይቅ፦ የጫጩት ደረሰኝ፣ የማፍያው ስም፣ የወላጆቹ መነሻ። የኩሬው መውጫ ላይም ድርብ ወንፊት ይኑር፤ አንዱ ሲጸዳ ሌላው በቦታው እንዲቆይ።

ጥያቄ፦ ወፎች ዓሣችንን ጨረሱት። መርዝ ማስቀመጥ በደረጃው ይከለከላል ወይ?

መልስ፦ አዎ፣ ይከለከላል፤ መከልከልም አለበት። መርዙ የሚገድለው ጠላትዎን ብቻ አይደለም፤ ሰውም ይበላዋል።

የኩሬውን ጠርዝ እስከ 50–60 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ቀጥ አድርገው ይቁረጡት፤ በእግሩ ውሃ ውስጥ ቆሞ የሚያድን ወፍ መቆሚያ ያጣል። ከላይ መረብ ከዘረጉ ወጥረው ያስሩት፤ የላላ መረብ ወፍ ያጠላልፍና ይገድላል፤ ኦዲተር የሚመዘግበውም ያንን ነው። አባ ኮዳ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ለሕያው ዓሣ ሳይሆን ለሆድ ዕቃው ነው። ዓሣ የሚታረድበትን ቦታ ከኩሬው ያርቁ፤ ሆድ ዕቃው በዚያው ቀን ይቀበር ወይም ወደ ኮምፖስት ይግባ። ጠርዙ ላይ ያለው ሣርና ደንገልም ይታጨድ፤ በሐይቁ ቆሮሶ ላይ የሚታየው ቢጫ ትል ክሊኖስቶመም ዑደቱን የሚያዞረው በቀንድ አውጣ፣ በዓሣና በወፍ በኩል ስለሆነ፣ ቀንድ አውጣው መደበቂያ ካጣ ትሉም ይቀንሳል።

ጥያቄ፦ ሐይቅ ዳር ነዋሪ ነኝ። በሐይቁ ላይ በመረብ ሳጥን ማርባትን ደረጃው ቢፈቅድልን አንድ ባለሀብት ዝግጁ ነው።

መልስ፦ ደረጃ አይፈቅድም፣ አይከለክልም፤ ፈቃድ የሕግ ጉዳይ ነው። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 እና የክልል ሕጎች አሉ፤ ሐይቁ ደግሞ ሲዳማንም ኦሮሚያንም ያዋስናል። ደረጃ የሚመጣው ፈቃድ ካለ በኋላ ነው።

በሥራው በኩል ግን፣ ከላይ ያሰላነው በቶን 8 ኪሎ ፎስፈረስ በመረብ ሳጥን ላይ የሚዘቅጥበት ጭቃና ማዝቀጫ የለውም፤ በሙሉ ሐይቁ ውስጥ ይቀራል። 100 ቶን ዓሣ 800 ኪሎ ነው። መውጫ በሌለው ሐይቅ ላይ አንድ እርባታ ልኩን ማሟላቱ ብቻ በቂ አይደለም፤ ሁሉም ተደምረው ሐይቁ የሚችለው ስንት ነው የሚለው ቀድሞ መጠናት አለበት። ይህ ጥናት ሳይሠራ ለሳጥን እርባታ ማረጋገጫ መሰጠት የለበትም የሚል ጽኑ አቋም አለን።

ጥያቄ፦ ኦዲት ውድ ነው ይባላል። 36 ትንንሽ አርቢዎች ነን። እንዴት እንችለዋለን?

መልስ፦ በቡድን ማረጋገጫ። ማኅበሩ አንድ የውስጥ ተቆጣጣሪ ይመድባል፤ 36ቱንም ኩሬዎች በዓመት ቢያንስ አንድ ጊዜ በአንድ ዓይነት ቅጽ ያያል። የውጭ ኦዲተሩ ሁሉን አይዞርም፤ በብዙ ሥርዓቶች የተለመደው ናሙና የአባላት ቁጥር ካሬ ሥር ነው፣ ለ36 ሰው 6 ኩሬ። ወጪው ለ36 ይካፈላል። ኦዲተሩ የሚያጠብቀው የውስጥ ቁጥጥሩን ነው፦ ተቆጣጣሪው የገዛ ወንድሙን ኩሬ አይቶ “ደኅና ነው” ብሎ ፈርሞ፣ ኦዲተሩ እዚያው ወንፊት የሌለው መውጫ ካገኘ፣ የሚወድቀው አንዱ ኩሬ ሳይሆን ሥርዓቱ ነው። የቅርብ ዘመድ የዘመዱን ኩሬ እንዳያይ በደንባችሁ ጻፉ።

ጉድለት ሲገኝ ከባዱና ቀላሉ ይለያል። ያለ ማዝቀጫ ወደ ወንዝ መልቀቅ፣ የተከለከለ መድኃኒት፣ ከ15 ዓመት በታች ልጅ መቅጠር ከባድ ናቸው፤ የመጨረሻው በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም የተከለከለ ነው። እነዚህ ሳይስተካከሉ የምስክር ወረቀት አይሰጥም። የሦስት ቀን መስመር የጎደለው ደብተር ቀላል ነው፤ ጊዜ ተሰጥቶት ይታረማል። በዚህ ላይ ረቂቃችሁ ግልጽ ካልሆነ እያንዳንዱ ኦዲት ክርክር ይሆናል።

ጥያቄ፦ የምስክር ወረቀቱ እስኪደርስ ለጾም ገበያ ሳጥን ላይ “በዘላቂነት የተመረተ” ብለን ብንጽፍስ?

መልስ፦ አትጻፉ። ማንም ያላረጋገጠውን ቃል ዛሬ ከጻፋችሁት፣ ነገ የተረጋገጠው ሲመጣ ገዢው ልዩነቱን አያይም፤ ከጎናችሁ ያለው ነጋዴም ያለ አንዳች መዝገብ ይጽፈዋል።

በምትኩ ልታሳዩት የምትችሉትን ጻፉ፦ የማኅበሩ ስም፣ የኩሬ ቁጥር፣ የታፈሰበት ቀንና ሰዓት፣ መኖው ከምን እንደተዘጋጀ፣ በረዶ የገባበት ሰዓት። ለአንድ ኪሎ ዓሣ አንድ ኪሎ በረዶ አስቡ፤ የዓሣው መካከል ከ4 ዲግሪ እንዳይወጣ። ለእያንዳንዱ ሳጥን አንድ መለያ ስጡ። ከ7 ቁጥር ኩሬ ኅዳር 12 ቀን የታፈሰ ከሆነ “ጥው-07-0312” ይበቃል፤ ጥው የጥቁር ውሃ ምኅጻር፣ 07 ኩሬው፣ 03 ወሩ፣ 12 ቀኑ ነው። ያው መለያ በደብተሩ በዚያ ቀን መስመር ላይ ይጻፍ፤ በደረሰኙም ላይ። ሆቴሉ አንድ ሳጥን ላይ ቅሬታ ቢያነሣ ከመለያው ወደ ኩሬው፣ ከኩሬው ወደ መኖው፣ ከመኖው ወደ ጫጩቱ ደረሰኝ ተመልሳችሁ መድረስ መቻላችሁን ከወዲሁ አንድ ጊዜ ሞክሩት። ኦዲተሩም ሲመጣ አንድ መለያ መርጦ ያንኑ ያስደርጋችኋል።